አሥራ አራት ሰው «ጥሩ ነው» ሲል

ሮሐ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ያለችው የልብስ ማስተካከያ ሱቄ ውስጥ ለእንግዳ ብዬ ያስቀመጥኳት ወንበር አለች፤ ሮሐ ቦርሳዋን እዚያ ላይ ትወረውርና እሷ ቆማ ታወራኛለች። ሻይ ብሰጣት ቆማ፣ ሳንድዊች ብገዛላት ቆማ። «አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ አይናከስም!» እላታለሁ። «ኦኬ እትዬ አበባ፣ አንድ ደቂቃ» ትለኛለች። የሷ አንድ ደቂቃ ስድስት ዓመት ሞላት።

እናቷ ጉለሌ ጎረቤቴ ነበረች። ልጅቷ ዲቪ ደርሷት ስትመጣ ደውላ «አበባ፣ አደራ» አለችኝ፤ እኔም ተቀበልኩ። እዚህ ከመጣች ወዲህ ያልሠራችው ሥራ የለም። ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር አንዲት አሮጊት ጠብቃለች፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ቆርጣለች፣ ኡበር ነድታለች። የምትኖረው ሩቅ፣ ቫን ናይስ ነው፤ ሶ ግማሽ ዕድሜዋን የበላው ፍሪዌይ ነው። ሥራ በሌላት ሰዓት ኮሌጅ ገብታ ተማረችና አንድ የልብስ ፋብሪካዎችን የሚያጠና ቢሮ ቀጠራት።

ሥራው እንዲህ ነው። ከፋብሪካ ልብስ የሚገዛው ትልቁ ኩባንያ ሠራተኛ እንዳይበደል ብሎ ፕሮግራም ያወጣል። ማራገቢያ ይገባል፣ የዕረፍት ሰዓት ይስተካከላል፣ ሱፐርቫይዘሮቹ እንዳይጮኹ ሥልጠና ይሰጣቸዋል። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ «እውነት ተሻሽሏል ወይስ ወረቀት ላይ ብቻ ነው?» የሚለውን ለማወቅ ሠራተኛውን አንድ በአንድ የሚጠይቅ ሰው ይላካል። የምትላከው ሮሐ ናት።

ሥራውን ከልቧ ነበር የያዘችው፤ ምክንያትም ነበራት። አሜሪካ ከመምጣቷ በፊት አገር ቤት የስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሦስት ዓመት እጅጌ ስትገጥም ኖራለች። አንድ ቀን ወረቀት የያዙ እንግዶች መጥተው «የስፌት መኪናሽ የመርፌ መከላከያ አለው?» ብለው ጠየቋት። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ ቆሟል። «አለው» አለች። አልነበረውም። በወሩ አጠገቧ የምትሠራው ልጅ አውራ ጣት ውስጥ መርፌ ገብቶ ተሰበረ። ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ሱቄን ከጥግ እስከ ጥግ ስትመላለስበት ራሴን አዞረችኝ።

ባለፈው በጋ ጋርዴና ያለ አንድ የስፌት ፋብሪካ ደረሳት። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱም የኛ ሰው አይደለም። እስፓኒሽ ተናጋሪዎቹን ሌላ ሴት ትጠይቃለች፤ አማርኛ የሚናገሩትን አሥራ አራቱን ሮሐ። የቢሮው ደንብ ግልጽ ነው፤ ማን እንደተጠየቀ አለቃ አይወቅ፣ ሲጠየቁም አለቃ አይኑር። ስልካቸውን ሰጧት። ደወለች፣ አያነሱም። ቴክስት አደረገች፣ አይመልሱም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ። ማን የማያውቀውን ቁጥር ያነሳል? እኔ ራሴ አላነሳም፤ ወይ ኢንሹራንስ ሻጭ ነው ወይ አጭበርባሪ።

እዚህ ላይ ነው እኔ አሮጊቷ ምላሴን ያስገባሁት።

ጋሽ እንዳሻው የሚባሉ ሰው አሉ። እዚያ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል፤ አሁን ሱፐርቫይዘር ናቸው። አዲስ የመጣ ልጅ ሥራ ሲያጣ «ጋሽ እንዳሻው ጋ ሂድ» ይባላል። እሳቸውም በመኪናቸው ወስደው ባለቤቱ ዘንድ ያቀርቡትና «በኔ ይሁንብህ» ይላሉ። ፊርማ የለም፣ ወረቀት የለም። ዋስ ግን ዋስ ነው፤ ፊርማ ኖረም አልኖረ። አሥራ አራቱም በእሳቸው ዋስትና የገቡ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ቢያጉረመርም የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

እኔም አውቃለሁ። እያወቅኩ ምን አልኳት? «ያለ ጋሽ እንዳሻው አንዲትም ልጅ አፏን አትከፍትልሽም። ሂጂና አስፈቅጂ፤ ትልቅ ሰው ታልፎ አይኬድም።»

«ደንቡ እኮ አለቃ መሀል አይግባ ይላል፣ እትዬ» አለችኝ።

«ወዲያ! ጋሽ እንዳሻው ደግሞ ምን አለቃ ናቸው? አባት ናቸው እንጂ!» አልኳት። አፌን በቆረጠው።

ሄደች። አስፈቀደች። ጋሽ እንዳሻው ደስ አላቸው፤ ማን በክብር ተጠይቆ ደስ የማይለው አለ? በማግስቱ ቅዳሜ አሥራ አራቱንም እዚሁ ፌርፋክስ አንድ ሬስቶራንት ሰበሰቡላት። እሷ ከውስጥ ጥግ ላይ አንድ በአንድ ትጠይቃለች፤ እሳቸው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ለሁሉም ሻይና ሳምቡሳ ያዛሉ። ሁለት ሳምንት የፈጀው ነገር በአንድ ቀን አለቀ። ማታ ሱቄን ልዘጋ ስል እሳት እንደነካው ሰው ዘላ ገባች።

«አሥራ አራቱም ‹ጥሩ ነው› አሉኝ» አለች።

«ታዲያ እልል በያ!»

«እትዬ፣ ‹ሽንት ቤት ስትፈልጉ ትሄዳላችሁ ወይ?› የሚል ጥያቄ አለ። አሥራ አራቱም ከመመለሳቸው በፊት ወደ በሩ አዩ።»

ምን ልበላት? «ደክሞሻል፣ ሂጂ ተኚ» አልኳት። ደክሟት አልነበረም፤ እኔ ነኝ መስማት ያልፈለግኩት።

ቢሮዋ በጣም ደስ አለው። እስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ብዙ በደል ተናግረው ነበርና፣ የኛ አሥራ አራት ሰው ጥሩ መልስ ሲደመር ፕሮግራሙ የሠራ መሰለ። አለቃዋ አቢጌል የምትባል ሴት ናት፤ «በጣም ጎበዝ» ብላ ጻፈችላት። ሪፖርቱ በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ሊገባ ቀጠሮ ተያዘለት። ሮሐ ግን ያን ሰሞን እንቅልፍም አልነበራት። ትደውልልኛለች፣ ምንም ሳትለኝ ትዘጋለች፣ እንደገና ትደውላለች። እኔም ቀሚስ ስተረትር መስመሩን እየሳትኩ ጣቴን ወጋሁት።

ሐሙስ ዕለት ሲሀም መጣች። ሲሀም ከአሥራ አራቱ አንዷ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ እንደ ሮሐ በዲቪ የመጣች። የሱሪዋን ዚፕ ላስተካክልላት ነበር ቀጠሮዋ። በሩን ከፍታ ገባች፤ ሰላም ሳትለኝ እየሮጠች ወደ ሽንት ቤቴ። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምነው ልጄ?»

«ይቅርታ እትዬ፤ ከጠዋት ጀምሮ ይዤው ነው።»

ጎትጉቼ ጎትጉቼ አወጣጣሁት። የፋብሪካው ሽንት ቤት ይቆለፋል። ቁልፉ ጋሽ እንዳሻው ኪስ ውስጥ ነው። በቀን ሁለቴ ነው የሚፈቀደው፤ ሦስተኛ ጊዜ የጠየቀ ስሙ በጩኸት ይጠራል። እሷ ስሟ እንዳይጠራ ብላ ውሃ መጠጣት ትታለች፤ ያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ! ሐኪም «ኩላሊትሽ ተቆጥቷል፤ ውሃ ካልጠጣሽ ነገሩ ይከፋል» ብሏታል። ማራገቢያውም ተገዝቷል፤ የሚበራው ግን እንግዳ ሲመጣ ነው።

«ታዲያ ሮሐ ስትጠይቅሽ ምን ዘጋሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ጩኸቱ ለራሴ ነበር።

«ጋሼ ነው እኮ ያመጣት! ወላሂ እትዬ፣ እሱ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጋበዘኝ፣ ሥራ ያስገባኝ ሰውዬ፣ ምን ብዬ ነው የምከሰው?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው። ልጅቷን ስሟን ሳልጠራ ለሮሐ እንድነግርላት አስፈቀድኳት። «ስሜንም ንገሪያት፣ ለሷ ግዴለም» አለችኝ። ደወልኩ። ሮሐ ፎር ኦ ፋይቭ የሚሉት ፍሪዌይ ላይ ነበረች፤ እንዴት እንደደረሰች አላውቅም፣ መኪና በማይቆምበት ቀዩ መስመር ላይ ፓርክ አድርጋ ገባች። ቆማ ሰማችኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት።

«አይደለም። አንቺ ደንቡን አታውቂም፤ እኔ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ እኔም ከኋላዬ ሰው ቆሞ ዋሽቻለሁ፤ እሱንም አውቃለሁ።» ከዚያ ስልኳን አወጣች። «ለአቢጌል ልነግራት ነው።»

«ያባርሩሻል እኮ!» አልኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ግን አልኩት። «ይለፍ በቃ፤ ማን ያውቃል? ስንት ዓመት ለፍተሽ ያገኘሽው ሥራ ነው።»

«ሲሀም ታውቃለች» አለችና ደወለች።

ሰማሁ። ስትናደድ እንግሊዝኛዋ ይጠራል። አሥራ አራቱም መልስ አይረባም፣ በአለቃቸው በኩል ነው ያገኘኋቸው፣ እሱ እያያቸው ነው የተናገሩት፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ አለች። ከዚያ አቢጌል ፈረደች፤ እስከ እሑድ ማታ ቢያንስ አሥሩን በትክክል እንደገና ከጠየቀች መልሳቸው ሪፖርቱ ውስጥ ይገባል። ካልሆነ የአማርኛ ተናጋሪዎቹ መልስ ጭራሽ ይወጣል፤ ሮሐ ሥራዋ ላይ መቆየቷም አብሮ ይታያል።

እና በሦስት ቀን ውስጥ አሥር ሰው ዋሱን ሊያዋርድ ነው? ሲሀም እንኳ «እኔ ብቻዬን ከሆነ እፈራለሁ» አለች። ሮሐ ሱቄን ሃያ ጊዜ ያህል ከዞረች በኋላ ቆመች።

«ጋሽ እንዳሻው ጋ እሄዳለሁ» አለች።

«ደግሞ በእሳቸው በኩል? ኧረ በስመ አብ! አልበቃሽም?»

«በሳቸው በኩል አይደለም። ከመሀል እንዲወጡልኝ ልለምናቸው ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ፤ ብቻዋን ልሰዳት አልቻልኩም። ቤታቸው እዚያው ጋርዴና ከፋብሪካው ብዙ አይርቅም። ጋሽ እንዳሻው በደጃቸው የተከሏትን ጤና አዳም ውሃ ያጠጣሉ። ሲያዩን ደስ አላቸው፣ «ኑ፣ ግቡ፣ ግቡ» አሉ። ሮሐ ግን በሩ ላይ ቆማ ጀመረችው።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ዋሽተውኛል። የዋሹኝ እርስዎን ላለማሳፈር ነው። ይሄን ጥፋት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎን መሀል ማስገባት አልነበረብኝም።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ምን ብለው ዋሹ?»

«ስለ ሽንት ቤቱ። አንዲት ልጅ ኩላሊቷን ታማለች።»

እኔ ምላሴ አያርፍ፣ «ያቺ...» ብዬ ስጀምር ሮሐ እግሬን ረገጠችኝ። እሳቸውም ማናት ብለው አልጠየቁም።

«እኔ ነኝ እንግዲህ በዳዩ!» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሥራ ያስያዝኳቸው እኔ፣ ሲታመሙ የማመላልሳቸው እኔ! ቁልፉን ማን ሰጠኝ? ‹አንድ የስፌት መኪና ከቆመ ካንተ ራስ አልወርድም› የሚለኝ ማነው? እሱን ጠይቂው እስቲ!»

«እሱን ፎርሙ አይጠይቅም፣ ጋሼ። እርስዎንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ልጆቹን ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ እርስዎ ካልፈቀዱላቸው አይናገሩም፤ ሌላ ሰው ሊፈቅድላቸው አይችልም።»

«በቃ ውጡልኝ» አሉ። ሀበሻ ደጁ የመጣ እንግዳ ውሃ እንኳ ሳያቀምስ ውጣ ሲል በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። መኪና ውስጥ ገብተን እኔ አለቀስኩ። ሮሐ አላለቀሰችም፤ መሪውን በመዳፏ እየመታች እስከ ፌርፋክስ ድረስ ነዳች።

እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ የሱቄን የኋላ ክፍል ሰጠኋት፤ ሰዓቱንና ቦታውን ለአሥራ አራቱም ቴክስት አድርጋለች። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ማንም የለም። ስምንት ሆነ፣ ማንም የለም። ሮሐ መጋረጃውን ገልጣ መንገዱን ታያለች፣ ትመልሰዋለች፣ ትገልጠዋለች። «ተይው፣ ይቀደዳል» አልኳት፤ እኔም እኮ በዚያ ሰዓት አንድ ኪስ ሦስቴ ሰፍቼ ሦስቴ ፈትቼዋለሁ። ስምንት ተኩል ላይ ሲሀም ገባች። ከኋላዋ ሁለት። ከዚያ አራት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሱቄ በር መግቢያ አጣ፤ አሥራ አራቱም መጡ!

«ማን አሳመናችሁ?» ብዬ ሲሀምን ወደ ጥግ ሳብኳት።

«ጋሼ ትናንት ለሁላችንም አንድ በአንድ ደወለ። ‹እንዳለ ንገሯት፤ እኔን ያሳፍራል ብላችሁ አንዲት ነገር እንዳትተዉ› አለን።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እሱ ራሱ ግን አልመጣም።»

አንድ በአንድ ገቡ። ግድግዳው ስስ ነው፤ እንዳልሰማ ብዬ የስፌት መኪናዬን አስነስቼ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ባዶ ስፌት ሰፋሁ። ሮሐ ስትወጣ ጨልሞ ነበር። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ግን የስፌት መኪናዬን አጠፋሁ።

«ማነው ቁልፉን የያዘው? ጋሼ። ማነው የሚጮኸው? ጋሼ። ማነው ማራገቢያውን የሚያጠፋው? ጋሼ። አሥራ አራቱም እሳቸውን ነው የጠሩት። ባለቤቱ ከቢሮው ወደ ስፌት ክፍሉ ወርዶ አያውቅም፤ ከተቀጠሩበት ቀን ወዲህ አንዳቸውም ድምፁን ሰምተው አያውቁም።»

«አንቺ ግን ጻፊዋ! ባለቤቱ ነው ያዘዘው በይ።»

«እጽፋለሁ» አለች።

ጻፈችም፤ ሁለት ገጽ። ቢሮው ግን ቆረጠው። የባለቤቱን ትእዛዝ በጆሮው የሰማ ጋሽ እንዳሻው ብቻ ናቸው፤ የተነገረውም ደጃፍ ላይ በንዴት ነው፣ በኢንተርቪው አይደለም፤ ሱፐርቫይዘር ደግሞ ከሚጠየቁት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። ሶ ሪፖርቱ ላይ የቀረው፣ ፕሮግራሙ አልሠራም፣ ሽንት ቤት ይቆለፋል፣ ቁልፉ ሱፐርቫይዘሩ ዘንድ ነው የሚለው ሆነ። ሮሐ በኢሜይል ተከራከረች፣ በስልክ ተከራከረች፣ ቢሮ ድረስ ሄዳ ተከራከረች። አቢጌል «ሥራሽ ተርፏል፤ ተይው» አለቻት።

ገዢው ኩባንያ ሪፖርቱን አይቶ ፋብሪካውን አፋጠጠ። ፋብሪካውም በስድስት ሳምንቱ «እርምጃ ወስደናል» ብሎ መለሰ። እርምጃው ምን መሰላችሁ? ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩትን ጋሽ እንዳሻውን ማባረር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ያን ቀን ተናድጄ መቀሴን ወረወርኩት።

በሳምንቱ፣ ሮሐ እኔ ጋ ሳለች፣ ጋሽ እንዳሻው ሱቄ ገቡ። ኮት ይዘዋል፤ ሥራ ሊያመለክቱበት ነው፣ ሰፍቷቸዋል። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ሮሐ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው አስቆሟት።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«ለምኑ? ልጆቹ ዋሽተዋል?»

«አልዋሹም።»

«እንግዲያው ተይው።» ኮታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ቆየት ብለው፣ «ለመሆኑ ተከፈተላቸው?» አሉ።

ሮሐን አየኋት። አዎ በይ፣ ምን ይጎዳሻል፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ይረፉበት፤ ይሄን ሁሉ በዓይኔ ነገርኳት። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር።

«አልተከፈተም፣ ጋሼ። ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጡት።»

«ለማን?»

«ለሲሀም።»

ጋሽ እንዳሻው ጠረጴዛዬን ተደገፉ። ያቺ የታመመችው ልጅ እሷ መሆኗን ያን ጊዜ ያወቁ ይመስለኛል፤ ወይም ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር፣ እንጃ።

«ደውዪላት» አሉ። «አሁኑኑ። የስፌት መኪናው ይቁም፣ ክፈችው በያት። አይገድሏትም። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት የቆለፍኩት ፈርቼ ነው በያት።»

ሮሐ ስልኩን ከፈተችና ሰጠቻቸው። «እርስዎ ይንገሯት» አለች።